ሰው ተቀነሰ፣ ሥራው ግን አልተቀነሰም፦ በትላልቅ የችርቻሮ መደብሮች ስለ ቅነሳ፣ ስለ አመራርና ስለ ሠራተኛ ሞራል

ይህን የውይይት ክር በመድረኩ ላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ ከ20 አልፈው ስለሄዱ፣ ዘግይተው የገቡ አንባብያንም ከላይ የተባለውን ሳያዩ ያንኑ ስለሚደግሙ፣ ማን ምን እንዳለ በየተራ ቁጥሩ እዚህ አሰፍራለሁ። በየመካከሉ የራሴን አስተያየት ጣል ማድረጌ ግን አይቀርም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመክፈቻው ጽሑፍ ያነሳሁት ጉዳይ ይህ ነው። በአንድ ትልቅ የችርቻሮ ድርጅት መደብር ውስጥ፣ በቤት ዕቃዎች ክፍል፣ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ጠዋት በእኛ ፎቅ ከነበርነው 34 ሠራተኞች 11ዱ ተሰናበቱ። አብዛኞቹ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ፣ ከመደርደሪያው ሥር ተጠርተው ነው የሄዱት። ረፋዱ ላይ የቀረነው ተሰበሰብን፤ ሥራ አስኪያጁ ከወረቀት እያነበበ አንድ ቤተሰብ መሆናችንን አስታወሰንና፣ ጥያቄ ያለው ለሰው ኃይል አስተዳደር በኢሜይል እንዲጽፍ ነግሮን ወጣ። ወደ ማረፊያ ክፍሉ ስንገባ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የፈረቃ ሰሌዳ ተነካክቶ አገኘነው። የ11ዱ ስም በነጭ ማጥፊያ ቀለም ተሸፍኗል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ከደረቀ በኋላ ደግሞ ከጎን ሆኖ ለሚያየው ሰው ከሥሩ ያለው ስም ይነበብ ነበር። ወሩ እስኪያልቅ ድረስ የሥራ ሰዓታችንን የምናየው ከዚያው ሰሌዳ ላይ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ፣ የቀሪዎቹን ሞራል የሚሰብረው ቅነሳው ራሱ ነው ወይስ አመራሩ ቅነሳውን የሚያስኬድበት መንገድ ነው የሚል ነበር። እኔ ሁለተኛው ነው ብዬ ተከራከርኩ። ምክንያቱ በግልጽ የተነገረው፣ ባልደረባውንም በወጉ የመሰናበት ዕድል ያገኘ ሠራተኛ ጥርሱን ነክሶ ይቀጥላል፤ ምንም እንዳልሆነ እንዲያስመስል የተነገረው ሰው ግን በአካል መጥቶ በልቡ ይቀራል ብዬ ጻፍኩ። በዚህ አቋሜ እስከ መጨረሻው እንዳልጸናሁ ከታች ይታያል።

1ኛው መልስ በትሕትና የተጻፈ ነበር። ጸሐፊው በሐሳቤ ከተስማሙ በኋላ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከቅነሳ በተረፉ ሠራተኞች ላይ ጥናት ሲደረግ መቆየቱን አስታወሱ። ከተመራማሪዎቹም ጆኤል ብሮክነርን ጠቅሰው፣ የተረፈ ሠራተኛ ለድርጅቱ የሚኖረው ስሜት የሚወሰነው የራሱን እንጀራ በማዳኑ ብቻ እንዳልሆነ አብራሩ። የተሰናበቱት በምን መመዘኛ ተመረጡ፣ ሲወጡስ እንዴት ተያዙ የሚለውን እያንዳንዱ በልቡ ይመዝናል፤ ሚዛኑ ካጋደለ ያልተነካውም ሰው እንደተነካ ይቆጥራል። እፎይታ፣ ጸጸትና ቁጣ በአንድ ሰው ውስጥ በአንድ ጊዜ እንደሚቀመጡና ሰውየው ራሱ የትኛው እንደሚያይል እንደማያውቅ ጨምረው ጻፉ።

2ኛው መልስ የአንድ የቀድሞ የመደብር ሥራ አስኪያጅ ነው። እሳቸው ሊያርሙኝ ፈልገው ነበር የመጡት፤ ያረሙኝም በጨዋነት ነው። ከላይ የሚመጣው ትእዛዝ የሰዎች ስም ሳይሆን ቁጥር እንደሆነ፣ ቁጥሩም ከሚጠበቀው ሽያጭ ላይ ተሰልቶ በሠራተኛ ሰዓት መልክ እንደሚወርድ አስረዱ። ሥራ አስኪያጁ ስም ዝርዝሩን የሚያየው ብዙ ጊዜ በዋዜማው ሲሆን፣ የሚያነበው ወረቀትም በዋናው መሥሪያ ቤት የሕግ ባለሙያዎች የተዘጋጀና አንድ ቃል እንኳ እንዳይለወጥ የታዘዘበት ነው። ስለዚህ ያ ከወረቀት ያነበበልን ሰው ልበ ደንዳና ሳይሆን አፉ የተለጎመ ሊሆን እንደሚችል አሳሰቡኝ። ይህን ሳነብ ትንሽ አፈርኩ፤ ሰውየውን በዚያ ዓይን አይቼው አላውቅም ነበር።

3ኛው መልስ ክሩን ከግል ገጠመኝ አውጥቶ ወደታወቀ ታሪክ ወሰደው። ሰርኪት ሲቲ የተባለው የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ቸርቻሪ በ2007 ወደ 3,400 የሚጠጉ የመደብር ሠራተኞቹን በአንድ ጊዜ አሰናበተ። ምክንያቱ ጥፋት አልነበረም፤ የሥራ መደቡ መቅረትም አልነበረም። ደመወዛቸው ድርጅቱ የገበያ ዋጋ ነው ካለው በላይ ስለሆነ ብቻ ነው፤ በቦታቸውም በርካሽ የሚቀጠሩ ተተኩ። ተሰናባቾቹ ከ10 ሳምንት በኋላ በዝቅተኛው ደመወዝ ለመቀጠር ማመልከት እንደሚችሉም ተነገራቸው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቆም ብሎ፣ ይህ ውሳኔ ለቀሪዎቹ ያስተላለፈውን ነገር እንድናስብ ጠየቀ፦ በሥራህ በጎበዝህ ቁጥር ደመወዝህ ያድጋል፣ ደመወዝህ ባደገ ቁጥር ወደ በሩ ትቀርባለህ ማለት ነው። ድርጅቱ በኅዳር 2008 ከዕዳ ጠያቂዎች የሚጠብቀውን የኪሳራ ከለላ ጠይቆ በ2009 መጀመሪያ ወራት መደብሮቹን ሲዘጋ ከ30,000 በላይ ሰዎች ሥራ አጡ።

4ኛው መልስ ጥንቃቄ የሚወድ ሰው መልስ ነው። ሰርኪት ሲቲን የገደለው ያ ስንብት ብቻ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት እንደሆነ ጻፈ። ድርጅቱ ገና በ2000 ማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ ማሽን የመሳሰሉ ትላልቅ የቤት መሣሪያዎችን መሸጥ አቁሞ ነበር፤ ቤስት ባይ የተባለው ተፎካካሪው በተሻሉ ሥፍራዎች ቀድሞታል፤ የ2008 የፋይናንስ ቀውስ ሲመጣ ደግሞ አቅራቢዎች በዱቤ ዕቃ መስጠት ፈሩ። አንድን ውድቀት በአንድ ምክንያት ማሰር ደስ የሚል ተረት ያወጣ ይሆናል እንጂ ማስረጃ አይሆንም ሲል ደመደመ። እርማቱ ትክክል ነው፤ እኔም ራሴ ተረቱን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር።

የ3ኛው ጸሐፊ በ5ኛው መልስ ተመልሶ መጣ፤ ድምፁ ትንሽ ከረር ብሏል። ብቸኛው ምክንያት ነው እንዳላለ ካስገነዘበ በኋላ፣ ገዢው የሁለት ቴሌቪዥኖችን ልዩነት የሚያስረዳለት ሰው ካጣ ለምን ወደ መደብሩ ይሄዳል ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎም ሆም ዲፖን አነሳ። ይህ የግንባታ ዕቃ ቸርቻሪ ስሙን ያገኘው የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሙያ ያላቸውን ሰዎች በሽያጭ አዳራሹ በማቆሙ ነበር። በ2000 መጨረሻ ከጄኔራል ኤሌክትሪክ የመጣው ሮበርት ናርዴሊ ወጪ ለመቆጠብ የትርፍ ጊዜ ሠራተኞችን ቁጥር ከፍ አደረገ፤ በወረቀት ላይ ሽያጩም ትርፉም አደገ፤ የደንበኞች እርካታ ግን ወረደ፣ ልምድ ያላቸውም ሠራተኞች ለቀቁ። በጥር 2007 ናርዴሊ ሲሰናበት የወሰደው ጥቅል ወደ 210 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል። እሱን የተካው ፍራንክ ብሌክ ደግሞ በሥራቸው ለተመሰገኑ የመደብር ሠራተኞች በእጁ ጽፎ የምስጋና ደብዳቤ በመላክ ይታወቃል። ጸሐፊው ደብዳቤው ደመወዝ አይሆንም ብሎ ቢያክልም፣ ከላይ ያለ ሰው የአንድን ገንዘብ ተቀባይ ስም ለመጻፍ ብዕር ማንሳቱን ቀላል ነገር እንዳናደርገው አሳሰበ። እኔን ነጩ ማጥፊያ ቀለም ትዝ አለኝ።

6ኛው መልስ በሁላችን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰ። ጸሐፊው በሒሳብ ሥራ ላይ ያለ ይመስላል። የምግብና የቤት ፍጆታ የሚሸጥ መደብር ከ100 ብር ሽያጭ የሚተርፈው የተጣራ ትርፍ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ብር እንደሆነ፣ ኪራዩም የዕቃው ዋጋም ከአንድ ሥራ አስኪያጅ ቁጥጥር ውጭ እንደሆኑና በእጁ የሚቀረው የሠራተኛ ወጪ ብቻ መሆኑን ዘረዘረ። ሽያጭ ሲወርድ አመራሩ ምን እንዲያደርግ ነው የምትፈልጉት፣ አብሮ እንዲሰጥም ነው ወይ የሚል ጥያቄም አስከተለ። ስለ ሞራል የሚወራው ድርጅት ሲኖር ነው አለ፤ በግልጽ አነጋገር እኛን የዋሆች ማለቱ ነበር።

ለዚህ የተሰጠው 7ኛው መልስ በክሩ ውስጥ ረጅሙና እንደ እኔ ከሆነ እጅግ ጠቃሚው ነው። ጸሐፊዋ በዕቃ ቆጠራ ክፍል የሠራች ናት። ነገሩን እንደ መሰላል ሳይሆን እንደ አዙሪት አየችው። በመጀመሪያ ሽያጭ ትንሽ ሲወርድ የሠራተኛ ሰዓት ይቀነሳል። ሰዓት ሲቀነስ የሚጎዳው ወዲያው የሚታየው የገንዘብ መቀበያው አይደለም፤ እዚያ ሰልፍ ስለሚታይ ሰው ከየክፍሉ ተጠርቶ ይመጣል። የሚጎዳው የማይታየው ሥራ ነው። ዕቃው መጋዘን ደርሶ ሳለ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፤ የዋጋ ምልክቱ ከኮምፒዩተሩ ዋጋ ጋር አይገጥምም፤ የተበላሸው ካልተበላሸው ሳይለይ ይቆያል፤ ኮምፒዩተሩም መደርደሪያው ላይ 6 አሉ ብሎ ስለሚያምን አዲስ አያዝም። ደንበኛው የፈለገውን አጥቶ ይወጣል፣ ሽያጩ እንደገና ይወርዳል፣ የሚቀጥለው ወር ሰዓት ደግሞ ከዚህ ከወረደው ሽያጭ ላይ ይሰላል። የሠራተኛው ሞራል የሚበጠሰው በዚህ መካከል እንደሆነ ጻፈች፤ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው፣ ያላጠፋውን።

እዚያው ላይ ይህን አዙሪት ለዓመታት ያጠናችውን የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዘይነፕ ቶንን ጠቀሰች። እንደ አሜሪካው ኮስትኮና እንደ ስፔኑ መርካዶና ያሉ ቸርቻሪዎች ብዙ ሠራተኛ ይዘውም በርካሽ መሸጥ የቻሉት፣ ዕቃውን በዓይነት አሳንሰው፣ አሠራሩን አቅልለው፣ አንድ ሰው በብዙ ክፍል እንዲሠራ አሠልጥነው ስለሆነ ነው። መርካዶና ከ2008 ቀውስ በኋላ ሠራተኛ ከማሰናበት ይልቅ የማያስፈልጉ የዕቃ ዓይነቶችን ቀነሰና ዋጋ አወረደ። ኮስትኮም በዚያው ቀውስ ሰሞን፣ በጂም ሲኔጋል አመራር፣ ለሠራተኞቹ ደመወዝ ጨምሯል። ስለዚህ 6ኛው ጸሐፊ በአመራር እጅ ያለው የሠራተኛ ወጪ ብቻ ነው ያሉት ትክክል አይደለም አለች፤ ምን ያህል ዓይነት ዕቃ ይሸጥ፣ ስንት ጊዜ ማስተዋወቂያ ይለጠፍ፣ ጭነት በስንት ሰዓት ይግባ የሚለውም በእጃቸው ነው።

8ኛው፣ 9ኛውና 10ኛው አጫጭር ናቸው። አንዱ በጥቅሉ ተስማማ። አንዷ ከቅነሳ በኋላ የሦስት ክፍል ስልክ በአንድ ኪሷ ይዛ እንደምትሠራና ሦስቱም አንድ ላይ እንደሚጮሁ ጻፈች። ሌላው ስለ ስንብት ክፍያ አሰላል ጠየቀ፤ የሚመልስለት አላገኘም።

11ኛው መልስ ደንበኞች ራሳቸው ሒሳብ ስለሚከፍሉባቸው ማሽኖች አነሳና ክሩ ለጥቂት ጊዜ ወደዚያ ነጎደ። ማሽኖቹ የገንዘብ ተቀባዩን ሥራ ከማቅለል ይልቅ ጭንቀቱን እንዳበዙ፣ ስድስት ማሽን ለአንድ ጠባቂ ሲሰጥ ጠባቂው አስተናጋጅም ጠጋኝም ፖሊስም እንዲሆን እንደሚጠበቅ ተጻፈ። 12ኛው በዚሁ ስርቆት ጨመረ አልጨመረም ወደሚል ሙግት ገባ፤ 13ኛው ገንዘብ ተቀባዮች ለምን ወንበር እንደማይሰጣቸው ጠየቀ። መልካም ጥያቄ ነው፣ ግን ለሌላ ክር። ወደ ጉዳዩ እንድንመለስ ያሳሰብኩበት አጭር ጽሑፍ 14ኛው ሆኖ ተቆጥሯል።

15ኛውን መልስ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ጸሐፊው በሌሊት ፈረቃ ዕቃ የሚደረድር ነው። ከእሱ ጋር ትሠራ የነበረች፣ ዋጋ የመለወጥ ፈቃድ ያላት ባልደረባው ተሰናበተች። ፈቃዱ በስሟ የተሰጠ ስለነበርና አዲስ ለማውጣት ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ ተቆጣጣሪው በእሷ መለያ እየገባ እንዲሠራ ነገረው። በየሌሊቱ የባርኮድ ማንበቢያውን ሲከፍት የሚጽፈው የእሷን ስም ነው፤ መሣሪያው ደግሞ በእሷ ስም እንኳን ደህና መጣሽ ይለዋል። የሚያትማቸው የዋጋ ምልክቶች ጥግ ላይ በጥቃቅን ፊደል የእሷ መለያ ይወጣ ነበር። ይህ ለሁለት ወር ያህል ቀጠለ። አንድ ሌሊት የዋጋ ስሕተት ተገኘና ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲፈለግ መዝገቡ ያወጣው የእሷን ስም ሆነ፤ ተቆጣጣሪውም ከዚህ የሄደችው መሆኗ ጥሩ ነው፣ ማንም አይጠየቅም ብሎ ሳቀ። ጸሐፊው የተናደደው በስንብቱ እንዳልሆነ፣ ሥራው የቀጠለው በእሷ ስም ሆኖ ሳለ እሷ አለመኖሯ እንደሆነ ገለጸ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ከታዘዘው በላይ አንድ ካርቶን አንስቶ አያውቅም።

16ኛው መልስ ሰይፍ መዝዞ ገባ። ክሩን የእዬዬ መድረክ ብሎ ሰየመው፤ ከተሰናበቱት መካከል ሥራ የማይወዱ፣ ሰዓት የማያከብሩ፣ ከዕቃ መደርደሪያ ኋላ ስልክ የሚነካኩ እንደሚገኙበትና እኔ ሁሉንም ቅዱሳን አድርጌ እንዳቀረብኳቸው ከሰሰኝ። 17ኛው ለእሱ የተሰጠ ስድብ ነበር፤ የመድረኩ አስተናጋጅ ግማሹን አጥፍቶታል፤ የቀረው ግማሽም ቢጠፋ የሚጎድል ነገር የለም።

18ኛው መልስ ነገሩን አበረደው። ጸሐፊው የሠራተኛ ሕግ የሚያውቁ ናቸው። ቅነሳና በጥፋት መሰናበት ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ፣ በቅነሳ የሚቀረው መደቡ እንደሆነ እንጂ በሰውየው ላይ እንዳልተፈረደ አስረዱ። አመራሩ ራሱ ግን ለራሱ እንዲመቸው ሁለቱን ይቀላቅላል፤ በይፋ የንግድ መቀዛቀዝ ይላል፣ በኮሪደር ደግሞ ደካሞቹን አጠራን ይላል። ቀሪው ሠራተኛ ሁለቱንም ይሰማል። ስለዚህ 16ኛው ጸሐፊ የሰነፎች ጉዳይ ነው ያሉት፣ ሳያውቁት የዚህ የኮሪደር ወሬ ውጤት ሊሆን እንደሚችል በትሕትና ጠቆሙ።

እኚሁ ጸሐፊ ሕጉ በመደብሮች ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚሸራረፍ አሳዩ። በአሜሪካ በ1988 የወጣው ሕግ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ቀጣሪዎች ለጅምላ ቅነሳ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጡ ያዛል፤ ይሁን እንጂ ስሌቱ በአንድ የሥራ ቦታ ስለሆነ፣ በመቶ መደብሮች እያንዳንዳቸው ጥቂት ሰው የሚቀንስ ድርጅት ከገደቡ በታች ሊያልፍ ይችላል። በብሪታንያ ዉልዎርዝስ የተባለው የመደብሮች ሰንሰለት በ2008 መጨረሻ ወድቆ በጥር 2009 ከ800 በላይ መደብሮቹን ሲዘጋም ይኸው ሆነ። ሠራተኞቹን በአግባቡ አላማከረም ተብሎ ካሳ ሲወሰን፣ ከ20 ሰው በታች በነበሩባቸው መደብሮች ይሠሩ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሳይካተቱ ቀሩ። የሠራተኛ ማኅበራቸው እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ቢሄድም፣ በ2015 ፍርድ ቤቱ እያንዳንዱ መደብር ለብቻው ሊቆጠር ይችላል አለ። በአንድ ቀን በአንድ ውሳኔ ከወጡት አንዱ ካሳ አገኘ፣ ሁለት መንገድ አልፎ ያለው ባልደረባው አላገኘም።

19ኛው መልስ በገንዘብ በኩል መጣ። ቶይስ አር አስ የተባለው የአሻንጉሊት ቸርቻሪ በ2005 በ6.6 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ አብዛኛው ገንዘብ ብድር ነበር፤ ዕዳው የተጫነውም በራሱ በድርጅቱ ላይ ነው። በመስከረም 2017 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ፣ በ2018 የአሜሪካ መደብሮቹን ዘጋ፤ 33,000 ያህል ሠራተኞች ያለ ስንብት ክፍያ ወጡ። ከወራት ሰልፍና ጩኸት በኋላ ከገዢዎቹ ሁለቱ፣ ኬኬአርና ቤይን የተባሉት የኢንቨስትመንት ድርጅቶች፣ 20 ሚሊዮን ዶላር የድጎማ ፈንድ አቋቋሙ። ጸሐፊው ለሁሉም ቢካፈል ለአንድ ሰው ስንት እንደሚደርስ ራሳችን እንድናሰላ ትቶልናል። የማጣሪያ ሽያጩን ቅናሽ የሚለጥፉት እነዚያው የሚሰናበቱት ሠራተኞች መሆናቸውንም አስታወሰን።

20ኛው መልስ ተቃራኒ ታሪክ ይዞ መጣ። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ያለው ማርኬት ባስኬት የተባለ የምግብ መደብሮች ሰንሰለት በ2014 ዋና ሥራ አስፈጻሚውን አርተር ቲ. ዴሙላስን ሲያነሳ፣ የሠራተኛ ማኅበር የሌላቸው ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ጭነት አልወጣም፤ መደርደሪያዎቹ ባዶ ቀሩ፤ ደንበኞችም ከሌላ መደብር የገዙበትን ደረሰኝ እያመጡ በመስኮቱ ላይ ለጠፉ። የጠየቁት የደመወዝ ጭማሪ አልነበረም፣ ሰውየው እንዲመለስ ነው። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ የተቀናቃኞቹን ድርሻ በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማምቶ ተመለሰ። የዚህ መልስ ጸሐፊ ሠራተኛ አመራርን በጅምላ የሚጠላ ተደርጎ መሳሉ እንደማይዋጥላት ገለጸች። 21ኛው ወዲያው ውሃ ጨመረበት፤ ነገሩ የአንድ ቤተሰብ የባለአክሲዮኖች ጠብ እንደነበር፣ ሰውየውም በ2025 በቦርዱ እንደገና መሰናበቱን አነሳና፣ በአንድ ሰው ላይ የቆመ ሞራል ሰውየው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

22ኛው መልስ አቋሜን ያስቀየረኝ ነው። የተጻፈውም በ2ኛው ጸሐፊ፣ በቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ነው። በመጀመሪያ መልሳቸው ሙሉውን እንዳልተናገሩ አምነው ጀመሩ። በእሳቸው መደብር ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ፣ ከኋላ የቆመች አንዲት ሠራተኛ እጇን አውጥታ የቅዳሜውን ጭነት ማን ያወርዳል ብላ ጠየቀች። ጭነት ያወርዱ ከነበሩት አራት ሰዎች ሦስቱ በዚያ ጠዋት ሄደዋል። ቁጣም ለቅሶም ሲጠብቁ የመጣባቸው የሥራ ጥያቄ ሆነ፤ በወረቀቱ ላይ መልስ አልነበረውም፣ እሳቸውም አልነበራቸውም። እናያለን ብለው ወጡ። ቅዳሜ ጭነቱ መጣ፤ ያወረዱት እሳቸው ራሳቸው፣ የተረፈው አንድ ሰውና ያቺው ሠራተኛ ናቸው። እሷ በሦስተኛው ሳምንት ለቀቀች። እሳቸውን ድርጅቱ ከ14 ወር በኋላ ቀነሳቸው።

ዛሬ ቢሆን ምን ያደርጉ እንደነበር ሲጽፉ፣ ለስለስ ያለ ንግግር አያስፈልገኝም ነበር አሉ። የሚያስፈልጋቸው አንድ ገጽ ወረቀት ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ የማንሠራቸው ሥራዎች ዝርዝር። የሳምንቱ ማስተዋወቂያ ከአራት ወደ አንድ ይወርዳል፣ የምሽቱ ቆጠራ ይቀራል፣ የጠዋቱ ሁለት ሰዓት የስልክ ስብሰባ ይሰረዛል እያለ የሚዘረዝርና በበላይ ኃላፊ የተፈረመበት። እንዲህ ያለ ወረቀት ከላይ ቢጠይቁ እንደማይሰጣቸውም ያውቃሉ፤ ምክንያቱም ሥራው እንደሚቀር በጽሑፍ ማመን ቅነሳው ዋጋ እንደሚያስከፍል ማመን ነው። ስለዚህ ሰው ይቀነሳል፣ ሥራው ግን እንዳለ ይቀመጣል፤ ያልተሠራው ነገር ሁሉ የሚቆጠረው በቀሪዎቹ ድክመት ነው።

እኔ አመራሩ እንዴት ተናገረ በሚለው ላይ ነበር የቆምኩት። ያ ሥራ አስኪያጅ አልቅሶ ቢያነብልን፣ የ11ዱን ስም እየጠራ ቢያመሰግን ኖሮ ለአንድ ሳምንት ይሻለን ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን የ34 ሰው ሥራ ለ23 ሰው እንደተሰጠን ደርሰንበት እንገኝ ነበር። ይህንኑ ጽፌ አቋሜን መለወጤን አሳወቅሁ፤ 23ኛው ይኸው ነው።

በ24ኛው መልስ 6ኛው ጸሐፊ ተመለሰ። ስለ ትርፉ ስፋት የጻፈውን እንዳላነሳ፣ ነገር ግን የሚቀሩ ሥራዎች ዝርዝር ለሒሳብ ሰውም ትርጉም እንዳለው፣ ምክንያቱም ሠራተኛ ቀንሶ ሥራ አለመቀነስ በሒሳብ መዝገብ ላይ የማይታይ ብድር እንደሆነ ጻፈ። ከዚህ በላይ ከእሱ አልጠበቅሁም። 16ኛው ጸሐፊ ግን እንደወጣ ቀረ።

በ25ኛውና በመጨረሻው መልስ የ15ኛው ጸሐፊ፣ የሌሊት ፈረቃው ሰው፣ ያ የፈረቃ ሰሌዳ በመጨረሻ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። ወሩ ሲያልቅ ተነሥቶ አዲስ ታትሞ ተለጠፈ። የሰሌዳው ቅጽ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣ ስለሆነ እንደ ቀድሞው 34 መስመር ነበረው። ባዶ መስመር አልነበረበትም፤ የ11ዳችን ስም ሁለት ሁለት ጊዜ ተጽፏል።